ኦርሊን ሃውገን የናስ ቆቦችን በጠርሙስ ያሰሩበት ዜና

ብርድን ከነበረዶው የፈጠረ፣ ለብርዱም መሸሻ ይሆን ዘንድ ምድር ቤትን ለሰው ልጅ ያሳሰበ አምላክ ይመስገንና፣ ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለኦርሊን ሃውገን፣ በሰሜን ዳኮታ ሜዳ የስንዴ ጌታ ለነበሩት፣ እርሻቸውን ለልጃቸው አውርሰው ወደ ከተማ ለገቡት፣ እምአእላፍ ኅሩይ ለሆኑት ለጸጥተኛው። በጡረታ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ አሮጌው የቤት ማሞቂያ በሞተ በማግሥቱ ዘመን፣ የአጋዘን አደን ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ያደረጉትን ጀብዱ እንጽፋለን፤ ያላየነውን አንጨምርም፣ ያየነውንም ለይሉኝታ ብለን አናስቀርም።

ወበውእቱ መዋዕል ግዛታቸው ጠባብ ነበር። ከደረጃው በላይ ያለው አገር ሁሉ የእቴጌ አርዲስ ነው፤ ጋራዡም ለእቴጌይቱ መኪና ተሰጥቷል። ለኦርሊን የቀረችው በምድር ቤቱ ውስጥ በልብስ ማጠቢያውና በማሞቂያው መካከል ያለችው ማዕዘን ብቻ ስትሆን፣ እርሷም ብትሆን ከእቴጌይቱ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ትዋሰናለች። በዚያች ማዕዘን የጥይት መሙያ ማሽናቸውን አቆሙ። ማሽኑም ያገለገለውን ቀለህ ተቀብሎ፣ እጀታው በተሳበ ቁጥር በቂጡ ያለችውን፣ ባሩዱን የምትለኩሰውን አሮጌ ቆብ አውልቆ፣ አዲሷን አልብሶ፣ ባሩዱን አጉርሶ፣ አንድ ሙሉ ጥይት የሚወልድ ነበር። በአንድ ከሰዓት የሚወልደው ኦርሊን በዕድሜያቸው ተኩሰው የማይጨርሱት ነው። ዓምና አንዲት ጥይት ተኩሰው አንድ አጋዘን ስተዋል፤ ይህን ግን በአጭሩ እናልፈዋለን።

የማሽኑ ነውር አንድ ነበር። ከቀለሁ ቂጥ የሚያወልቃቸው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ የናስ ቆቦች፣ ሠሪው ባበጀላቸው ሳህን አርፈው መቀመጥ እንቢ ብለው እየዘለሉ በወለሉ ላይ ይበተኑ ነበር። በዚያም አገር ጳጳስ ቢሆን ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ወደ ቤት የሚገባ የለምና፣ በወለል ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ መጨረሻው የሰው እግር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን እቴጌ አርዲስ የታጠበ ልብስ ተሸክመው ሲያልፉ አንዲቱ ቆብ ተረከዛቸው ላይ ተሰካች። እርሳቸውም አልጮኹም፤ የሉተራን ምእመን በቆብ አይጮኽም። ቆቢቱን ነቅለው፣ ወደ ደረጃው ራስ ወጥተው፣ በነጋሪት ፈንታ የድስት ክዳን መትተው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማኝ ኦርሊን። ይቺን ኮተትህን ዛሬም ከተረከዜ ነው የነቀልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ካልሲዬን አውልቄ በባዶ እግሬ እወርዳለሁ። ያን ቀን አንዲት ነገር ብትወጋኝ ማሽንህ ወደ ውጪው መጋዘን ይሄዳል፤ አንተም ከፈለግህ አብረኸው። አሁን ውጣና ብላ፣ ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው።»

ኦርሊን ይህን በሰሙ ጊዜ መጋዘኑን አሰቡ። መጋዘኑ ማሞቂያ የለውም፤ በጥር ወር ብረት የነካ ጣት ቆዳውን ለብረቱ ትቶለት ይመለሳል። እርሻው ከሄደ ወዲህ ጠዋት ተነስተው «ሥራ አለኝ» የሚሉባት ቦታ ያቺ ማዕዘን ብቻ ነበረች። እርሷን ካጡ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የጎረቤት በረዶ ሲቆጥሩ መዋላቸው ነው፤ ይህም ከሞት ይልቅ አስፈራቸው።

ወእምዝ ሠራዊታቸውን ክተት አሉ። በቀኝ የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ጌይለን፣ ምክር የማያልቅባቸው፣ ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ማግኔት ተሸክመው መጡ፤ በግራ እልፍኝ አስከልካይዋ ጥቁር ውሻ ሚትሲ ቆመች፣ ወዲያውም ተኛች። ጌይለን ማግኔቱን በማሽኑ ሥር ወዲህና ወዲያ ቢጎትቱት አንዲት ቆብ አልተነሣችም፤ ናስ ለማግኔት አይገዛምና። ጌይለንም ሳያፍሩ እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ማግኔቱ ምንም አልሆነም። ችግሩ ከቆቦቹ ነው።»

ስለዚህ ማግኔቱ ተሽሮ በምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ወለሉም በመጥረጊያ ተጠረገ። ኦርሊንም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ አግኝተው፣ የሠሪውን ሳህን ፈትተው ጣሉት። ቆቦቹ በሚወድቁበት ቀዳዳ ሥር ከአሮጌ ጀልባቸው የተፈታ ቱቦ ገጠሙ፤ የቱቦውንም ጫፍ ከማሽኑ ጠረጴዛ ሥር በታሰረ፣ ኪያር በኮምጣጤ ተዘፍዝፎበት በነበረ ባዶ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ። በመጀመሪያው ውጊያ ቱቦው ታጠፈ፤ ቆቦቹም እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ተጨናንቀው፣ ወደ ላይ ተመልሰው ወለሉን ዳግመኛ ወረሩት። ጌይለን ቱቦው ይርዘም አሉ። ኦርሊን አሳጠሩት። ቀጥ አድርገው ቁልቁል በሰደዱት ጊዜ አንዲት ቆብ ወርዳ ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ ቅጭል አለች፤ ሁለተኛዪቱም ተከተለቻት። ኦርሊንም እጅግ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውንም እንደ አገራቸው ልማድ አፍንጫቸውን በመጥረግ ገለጡ።

ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ እቴጌ አርዲስ ካልሲያቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ወረዱ። ኦርሊን እጀታውን ሳቡ፤ ማሽኑም ወለደ፤ ቆቦቹ ወደ ጠርሙሱ እንደ ምርኮኛ ተሰልፈው ገቡ። እቴጌይቱ በማሽኑ ፊት አለፉ፣ በማሽኑ ጀርባ አለፉ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር በእግር ጣታቸው ዳበሱ፤ አንዳች አልወጋቸውም። ጌይለን ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። እቴጌይቱ ግን ለመመለስ ዞረው በራሳቸው የስፌት ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ ድንገት ቆሙ፤ አንድ እግራቸውንም አነሡ።

ያን ጊዜ ኦርሊን መጋዘኑን በዓይነ ኅሊናቸው አዩት። ተንበርክከው የእቴጌይቱን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጌይለንም ለመርዳት ቸኩለው የተሻረውን ማግኔት ከምስማሩ አውርደው አስጠጉ። የወጋቸው ነገር ከተረከዛቸው ዘልሎ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። ሰማያዊ ራስ ያላት የስፌት መርፌ ነበረች።

ጌይለን አፋቸውን ከፈቱ፤ ኦርሊን አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ቢያነሡባቸው መልሰው ገጠሙት። ኦርሊን ራሳቸው ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰዓት ይመጣ እንደሆነ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የሚናገሩትም ቃል ተስሎ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እርሱንም ዋጡት። አልሳቁም፣ አላሳሉም፣ ቅንድባቸው እንኳ አልተነሣም፤ የእቴጌይቱን ተረከዝ በመሐረባቸው ጠርገው ካልሲያቸውን አለበሷቸው።

እቴጌ አርዲስም መርፌዪቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያም ከደረጃው ራስ ላይ ሳይሆን እዚያው ቆመው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦

«ማሽኑ እዚሁ ይቀመጥ። ቱቦው መጥፎ አይደለም። አንተ ጌይለን ደግሞ፣ ይህን ነገር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቡና ላይ ትንፍሽ ብትል፣ የገና እራትህን ሌላ ቤት ፈልግ።»

በዚያ አገር «መጥፎ አይደለም» ከማለት በላይ ምስጋና የለም፤ በሠርጋቸው ዕለትም ስለ ሙሽራው የተባለው ይኸው ነበር። ማግኔቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ በእቴጌይቱ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ተሾመ፤ ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ የለም። ስለዚህ ድል ለነሡ ነገሥታት የሚገባው ክብር ሁሉ ለኦርሊን ሃውገን ይሁን፤ እነዚያ ባሸነፉ ማግሥት ሐውልት አቁመዋል፣ ኦርሊን ግን አሸንፈው ዝም ብለዋል። እስከዚህችም ቀን ድረስ በሞቀችው ማዕዘናቸው ተቀምጠው፣ እጀታውን እየሳቡ፣ ቅጭል የሚለውን እያዳመጡ፣ ዝም እንዳሉ ናቸው።