ከብሌንደር ጋር በውሰት

ካርቶኑ ላይ በረዶ የማይፈጭ ብሌንደር ሪያድ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ጉዱ የሚፈላው ከካርቶኑ ሲወጣ ነው፤ ሙዝ ላይ ሲፎክር የዋለው ሁሉ በረዶ ሲያይ ሐሞቱ ይፈሳል። እናንተም ቤት አንድ ሳይኖር አይቀርም። የእናንተን እንጃ፣ የእኛ ቤቱ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜን ያፈላዋል።

እኔ ሱለይማኒያ አንድ ቪላ ውስጥ የምሠራ የወሎ ልጅ ነኝ። ብሌንደሩን የገዛው ባባ፣ የማዳም ባል ነው። በመጀመሪያው ቀን በረዶ ስንሰጠው ጓ አለና ቀጥ አለ። ማዳም ባሏን “የገዛኸው ዕቃ አይረባም” ለማለት አልደፈረችም፤ ዞራ እኔ ላይ ጮኸች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። እኔም ለሰላሜ ስል በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ለራሴ ቅመም መውቀጫ ከዲራ ገበያ በገዛኋት የነሐስ ዘነዘና እያደቀቅኩ ከሎሚና ከናዕናዕ ቅጠል የሚሠራው መጠጥ ውስጥ እጨምር ጀመር። ማዳም ታያለች፣ ታውቃለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ፣ “ብሌንደራችን በረዶውን ዱቄት ነው የሚያደርገው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም” ትላለች። እንዴት ይሰማ? በር ዘግቼ የምወቅጠው እኔ ነኝ። ክንዴ ይዝላል፣ ምስጋናው ለሶኬቱ ይሄዳል።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የጁምዓውን ነው። ሺፋ ሰፈር የምትሠራው ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ኹሩጇ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ወጥቶላት፣ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ቅዳሜ ጠዋት ትበራለች። ጁምዓ ከሰዓት ሄጄ እንድሰናበታት ማዳም ቀደም ብላ ፈቅዳልኝ ነበር። ሐሙስ የማዳም እህት ደወለች፤ በማግስቱ ድግስ አለባትና ያን ጉደኛ ብሌንደር አውሺኝ አለች። ማዳም ስልኩን ዘግታ፣ ዓይኔን ሳታይ፣

“ያላ ዘሃራ፣ አንቺም አብረሽው ትሄጃለሽ” አለችኝ።

“እህቴስ፣ ማዳም?”

“ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ።”

ከነገ ወዲያ የምትበር ልጅ ሌላ ጊዜዋ መቼ ነው? እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሰው እንደ ዕቃ ይዋሳል እንዴ?

ጁምዓ የማዳም እህት ቤት እንግዶቹ ተሰብስበው፣ ማዳምም መሀላቸው ተቀምጣ፣ “እስቲ ይሄን ብሌንደር እንየው” ሲሉ ዘነዘናዬን ከፌስታሏ አላወጣኋትም። ብሌንደሩን ሳሎን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ጎለትኩት፤ በረዶውን እስከ አፉ ሞልቼ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። አንድ ቀን እንኳ የራሱን ሥራ ይሥራ ብዬ ነው። ተንገጫገጨ፣ ጨሰ፣ ሞተ።

ማዳም አፈጠጠችብኝ። ምን ትበል? “ለምን በእጅሽ አልወቀጥሽውም” እንዳትል የገዛ አፏ አሰራት። እህትየዋ “ኸላስ፣ ያለ ብሌንደሩ እሷ ምን ታደርግልኛለች” አለች። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “እንግዲያው ማዳም፣ እንደፈቀድሽልኝ ሺፋ ልሂድ?” አልኩ። በሰው ፊት እንቢ ለማለት አፈረች።

ሰዓዳ በሩን ከፍታ ስታቅፈኝ ክንዴን አመመኝ።

“ምን ሆነሽ ነው እህቴ?”

“በረዶ ነው” አልኳት፤ ተያይዘን አለቀስን።

ከሰሞኑ ባባ አዲስ ብሌንደር ይዞ ገብቷል። ካርቶኑን አየሁት፤ በረዶ ይፈጫል። ማዳም ደግሞ ኩሽናውን እያገላበጠች የምትፈልገው ነገር አለ። ትፈልግ። ዘነዘናዬ ሰዓዳ ሻንጣ ውስጥ ገብታ ወሎ ከደረሰች ቆይታለች።