ደሴቲቱ ወደ መርከቡ የመጣች ቀን

ስንሻው ያን ሌሊት ሕልም አየ። ሕልምማ ማንም ያያል። የሱ ግን ዓለም ከነኮተቷ ተገልብጣ እግሯን ወደ ሰማይ የሰቀለችበት ሕልም ነው።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ፤ አለዚያ ስቃችሁ ታልፉታላችሁ። ስንሻው የቢቸና ልጅ ነው። ባሕር የሚባለውን ነገር ያየው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያውም ለሽርሽር ሳይሆን ለሥራ። ሦስት ሺህ ሀብታም አሳፍሮ ከደሴት ደሴት የሚዞር መርከብ ውስጥ፣ ከውኃው በታች ባለው ፎቅ፣ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ይተኩሳል። መስኮት የለም። መንጋቱን የሚያውቀው የመዋኛ ፎጣ ሲቆለልለት፣ መምሸቱን የሚያውቀው ደግሞ የእራት ጠረጴዛ ልብስ ሲመጣለት ነው። በሰባት ወር ውስጥ መርከቡ አሥራ ዘጠኝ ወደብ ላይ ቆሟል። እሱ አንዱንም አልረገጠም።

እናቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ታመዋል። ድምፃቸውን ከሰማ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በደወለ ቁጥር ስልኩን የምታነሣው እህቱ አንጓች ናት። አንድ ቀን «ተኝታለች፣ አልቀስቅሳት» ትለዋለች። ሌላ ቀን «ጠበል ወስደዋታል» ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ «ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅ የላትም እንጂ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» ማለት ጀምራለች። የመርከቡ ኢንተርኔት ለሠራተኛ ድምፅ እንጂ ምስል አያሳልፍም። ስንሻው ግን ጠርጥሯል፤ ሰው ነዋ! «ፊቷን ሳላይ አላምንሽም» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል።

በማግስቱ መርከቡ ዛንዚባር ይቆማል። ስንሻው ለምኖ፣ ተለማምጦ፣ የአምስት ሰዓት የመውረጃ ፈቃድ አግኝቷል። ሲም ካርድ ይገዛል፣ አንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ የእናቱን ፊት በምስል ያያል። በቃ፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ምንም አይፈልግም።

መርከቡ ላይ ከሱ ጋር አራት አበሾች ናቸው። ጋሽ መርዕድ ወጥ ቤት፣ ጀማል ሞተር ክፍል፣ ወይንሸት ምግብ አዳራሽ ይሠራሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ስለሚወጣ፣ አራቱም አንድ ላይ የተገናኙት በፋሲካ ለት ብቻ ነው። ያን ለት ወይንሸት ከሻንጣዋ ነጠላ አውጥታ ለብሳ ነበር። ስንሻው ጥለቱን በጣቱ እየዳሰሰ «የእማዬን ይመስላል» ብሎ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እንግዲህ ከሕልሙ በፊት በነበረው ማታ ጋሽ መርዕድ ሳህኑን ከምረው ሞሉለት። ጋሽ መርዕድ እኮ ጭማሪ የጠየቀ ሰው ላይ ጭልፋ የሚያነሡ ሰው ናቸው! «ብላ ልጄ» አሉት፣ ፊቱን ሳያዩ። «በደንብ ብላ፣ በደንብም ተኛ።» ስንሻው ስለ ነገው ፈቃድ ደስ ብሏቸው መሰለው። ጥርግ አድርጎ በላ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሰቀለ፣ ጫማውን ወልውሎ አልጋው ሥር አስቀመጠና ተኛ።

በሕልሙ ነጋ። መርከቡ ወደ ደሴቲቱ አልሄደም፤ ደሴቲቱ ራሷ መጣች። ከነድንጋይ ቤቷ፣ ከነመስጊዷ፣ ከነዓሣ ገበያዋ ባሕሩን እየሰነጠቀች፣ ጥሩምባዋን እየነፋች መጥታ ከመርከቡ ጎን ተጠጋችና ገመድ ጣለች። ሰዉ ግር ብሎ ወደ መርከቡ ወረደ። ቆብ የደፉ ሽማግሌዎች፣ ቅርጫት የተሸከሙ ዓሣ ሻጮች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ ካሜራ አንጠልጥለዋል። እየመሩ የሚያስጎበኟቸው የከተማው ድመቶች ናቸው።

«ቡድን ሰባት፣ በዚህ በኩል!» አለች አንዲት ቀይ ድመት፣ ጭራዋ ላይ የታሰረውን ባንዲራ ቀጥ አድርጋ። «ያለን ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ያልተመለሰ ይቀራል። አሁን የምታዩት መስኮት በሌለው ቤት አንሶላ የሚተኩስ ሰው ነው።»

አንዲት ዓሣ ሻጭ ጠጋ ብላ የስንሻውን ትከሻ በጣቷ ነካ አደረገች።

«እውነተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው» አለች ድመቷ።

«ይናከሳል?»

«ከበላ አይናከስም። ትናንት ማታ በደንብ በልቷል።»

«እስቲ ሳቅ በል!» አለችው ሴትዮዋ። ስንሻው ሳቀ፤ ምን ያድርግ! ፎቶ አነሣችውና ዞር ብላ ሳታየው ሄደች። እሱም ካውያውን እንደያዘ በሰዉ መሀል ተሹለክልኮ ወጣ፤ የአምስት ሰዓት ፈቃዱ መቆጠር ጀምሯልና።

ወደቡ ላይ የመርከቡ ሀብታሞች በባዶ እግራቸው ተኮልኩለው ይለምናሉ። አንድ ፀሐይ የላጠው ወፍራም ሽማግሌ ተንደርድሮ መጣ።

«ጌታዬ፣ ሻንጣ ልሸከምልዎ! ከጧት ጀምሮ ምንም አልተሸከምኩም።»

«ሻንጣ የለኝም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ እኔን ይሸከሙኝ» አለና ጀርባው ላይ ሊወጣ ታገለ። ስንሻው በስንት መከራ አራግፎት ሮጠ።

የወደቡ በር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀው። ኮከብ የደረደሩ የኢሚግሬሽን ሹማምንት በረጅሙ ተሰልፈው፣ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ።

«ለምን ጉዳይ መጣህ?» አለው ስንሻው የመጀመሪያውን። ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ ራሱም አላወቀም።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ጌታዬ።»

«መመለሻህስ?»

«የምመለስበት የለኝም።»

ስንሻው ቸኩሏል። ካውያውን ፓስፖርቱ ላይ ጫን አደረገው፤ ጢስ ወጣ፣ ወረቀቱም አረረ። ሹሙ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አመዱን በኪሱ ከቶ አለፈ። እንዲህ እያለ የሠላሳ ሹም ፓስፖርት ተኮሰ። ሠላሳዎቹም አመሰገኑት።

ከተማው ውስጥ ሲገባ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ መሆን አለበት። በሕልሙም እንደዚያው ሆነ፤ የሚያልፉት ሰዎች ተራ በተራ ግድግዳ እየሆኑ አሳለፉት። ወዲያው አንድ ትልቅ ያረጀ በር፣ የተቀረጸ፣ በነሐስ ጉጦች የተሞላ፣ ከቤቱ ተነቅሎ መንገዱን እየደቃ መጣና ደረቱን አንኳኳው።

«ማን አለ?» አለ በሩ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ የማን ነህ?»

«የየሺወርቅ ልጅ።»

«እሷስ አለች?»

ስንሻው «አለች» ሊል አፉን ከፈተ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። በሩ የስንሻውን ደረት ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ብዙ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ሕፃን ተኝቶ እንዳለ ቤት ነው የዘጋው።

«አልነገሩትም» አለ በሩ ለሌሎቹ በሮች። በመንገዱ ያሉ በሮች ሁሉ አንድ ጊዜ ሲጥ አሉ።

«ምኑን ነው ያልነገሩኝ?» ብሎ ጮኸ ስንሻው። በሮቹ አንድ በአንድ ተቆለፉ። ፍርሃት ያዘው፤ እውነተኛ ፍርሃት። እየሮጠ ስልክ ቤት ገባ።

ስልክ ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዎች ናቸው፤ ስልኮቹ ገብተው ይመርጣሉ። አንድ ፊቱ የተሰነጠቀ ስልክ ስንሻውን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ይሠራል?»

«ይሠራል፤ ግን ልቡ ደካማ ነው» አለ ሻጩ።

«ለአንድ ጊዜ ይበቃኛል» አለ ስልኩና ስንሻውን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ጎድኑን እንደ ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ተጫነው። ቢቸና ጠራ።

ምስሉ በገዛ መዳፉ ላይ መጣለት። ቤታቸው ነው። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የበሩ ደፍ፣ ሁሉም አለ። እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከቧቸዋል። አንጓች አጠገባቸው ሆና ታባብላቸዋለች።

«ስንሻው ተኝቷል፣ እማዬ፤ አልቀስቅሰው።»

«ትናንትም ተኝቷል ነው ያልሽኝ።»

«ጠበል ወስደውት ነበራ። አሁንም ጉሮሮውን ይዞት ድምፅ የለውም እንጂ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።»

«ፊቱን ሳላይ አላምንሽም!» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ።

«አለሁ! እማዬ፣ አለሁ!» ብሎ ጮኸ ስንሻው በመዳፉ ላይ አፉን ደፍቶ። ማንም አልሰማውም። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናቱ ግን ብድግ አሉ። ካሜራ አንገታቸው ላይ አጠለቁ፣ ባርኔጣ ደፉ፣ «እኔው ራሴ ሄጄ አየዋለሁ» አሉና ወጡ። መዳፉ ጨለመ።

ስንሻው ቀይዋን ድመት ፍለጋ ከተማውን አተራመሰ። ባንዲራዋን ከሩቅ ያየው አንድ ምድር ቤት ስትገባ ነው፤ ተከትሎ ወረደ። ጣሪያው ዝቅ ያለ የድንጋይ ጉድጓድ ነው። ዳርና ዳር የድንጋይ መደብ አለ።

«በድሮ ጊዜ» አለች ድመቷ፣ «እዚህ ለባርነት የተሸጠ ሰው ተቆልፎበት መርከብ ይጠብቅ ነበር። ብርሃን አይገባም። ይነጋል፣ ይመሻል፤ አያውቀውም።»

ጎብኚዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ስንሻው ወደ መደቡ ሲያይ የራሱን ትራስ አየ። የወለወለው ጫማም ከሥሩ አለ።

«ስንሻው!»

ዞር አለ። እናቱ ናቸው። ትልቅ ባርኔጣ ደፍተው፣ ግማሽ ፊት የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አድርገው፣ አንገታቸው ላይ «ቡድን ሰባት» የሚል ካርድ ተንጠልጥሎ። ምርኩዛቸውን አልያዙም።

«እማዬ! አንቺ አይደለሽ እንዴ የታመምሽው?»

«ማን? እኔ? ኧረ እየኝ!» አሉና እንደ ጥጃ ዘለሉ፤ ሁለቴ ዘለሉ። «ይልቅ አንተ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? አንጓች ደህና ነው እያለች ስትዋሸኝ ከረመች። ያቺ ቀጣፊ!»

ስንሻው ሳቀ፤ አለቀሰም፤ ሁለቱ ተቀላቅሎበት ነው። ተንበርክኮ ጉልበታቸውን አቀፈ።

«መነጽሩን አውልቂው። ፊትሽን ልየው።»

«አወልቃለሁ፣ ለዚሁ አይደል የመጣሁት!» እጃቸውን ወደ መነጽሩ አነሡ።

ጥሩምባው ተነፋ።

«ቡድን ሰባት!» ብላ ጮኸች ድመቷ። «ጊዜው አልቋል!»

«ውይ፣ ልጄ፣ መሄዴ ነው።»

«ቅሪ! ያልተመለሰ ይቀራል ተብሏል። እሺ በይኝና ቅሪ፣ እማዬ! ሥራውን እተዋለሁ፣ አብረን እንኖራለን።»

«አይሆንም፤ ስሜን ጽፈውታል» አሉ ቀለል አድርገው፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ይመስል። «ብላ እሺ? በደንብ ብላ፣ በደንብም ተኛ።»

ደረጃውን ሮጠው ወጡ። ስንሻው ተከትሎ ሲወጣ ደሴቲቱ ገመዷን ፈትታ ከሥሩ ተንሸራታለች። እሱ መርከቡ ላይ ቆሟል። በሮቹ፣ ድመቶቹ፣ ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ ከደሴቲቱ ጫፍ ሆነው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ነፋስ መጣና የእናቱን ባርኔጣ ወሰደው፤ መነጽሩንም ወሰደው። ፊታቸው ተገለጠ፤ ግን በዚያ ርቀት የሽምብራ ፍሬ አክሏል፣ ምኑ ይታያል! የታየው ነጠላቸው ነው። በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል፤ ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ፣ እንደ ወጉ። በዚያ ሁሉ ግልብጥብጥ ውስጥ በቀጥታው ያለ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስንሻው «ዞር በይ! አንድ ጊዜ!» እያለ ጮኸ። ጥሩምባው ድምፁን ዋጠው።

በሩ ተንኳኳ።

«አለች!» አለ ስንሻው፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ።

እንደገና ተንኳኳ። ዓይኑን ገለጠ። ሞተሩ ጸጥ ብሏል፤ መርከቡ ቆሟል። ደርሰዋል ማለት ነው! ላብ አጥምቆታል። ሕልም መሆኑን ሲያውቅ እፎይ አለ፣ ደረቱንም ዳበስ አደረገ።

«ማን ነው?»

«እኛ ነን» የሚል ድምፅ መጣ፤ የጋሽ መርዕድ ነው።

ተነሥቶ ከፈተ። ጋሽ መርዕድ ቆመዋል፤ በዚያ ሰዓት ሦስት ሺህ ሰው ቁርሱን ከሳቸው እጅ ይጠብቃል። ከጎናቸው ጀማል አለ፤ የእጁን ዘይት ታጥቦ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከኋላ ወይንሸት ቆማለች። ስንሻው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንዴ! ለሁላችሁም ፈቀዱላችሁ? አብራችሁኝ ልትወርዱ ነው?» ሳቀ። «ቆዩ፣ ጫማዬን ላጥልቅ። ዛሬ እማዬን በምስል ታዩዋታላችሁ። ጋሽ መርዕድ፣ እርስዎንም አስተዋውቅዎታለሁ፤ ጨዋታ ስትችል!»

ጀማል ጎንበስ ብሎ የተወለወለውን ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣ፤ አልሰጠውም፣ በእጁ እንደያዘው ቀረ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ መርዕድ። «መጀመሪያ ቁጭ በል።»

ስንሻው አልተቀመጠም። በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ኮሪደሩን አየ። ወለሉ ከታች ነው፣ ጣሪያው ከላይ ነው፣ መብራቱም በየቦታው በርቷል። የወይንሸት ነጠላ ብቻ ተዘቅዝቋል።