ንፍሮ የተከደነበት ሸክላ

ዛሬ ለቅሶ ቤት ሄጄ አባት አግኝቼ ተመለስኩ።

የነበረኝ አባት ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው።

ቆይ፣ አትሳቁ። ገና ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የቡሬ ፎሎወሮቼ ኢንቦክሴን አጨናንቃችሁታል። አንዷማ "ነፍስ ይማር፣ አባትሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር" ብላ የሚያለቅስ ፊት ደርድራልኛለች። እህቴ፣ እኔም አላውቅም ነበር!

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቅ ውስጥ ሚሞሪ የምሞላው እኔ ነኝ። ሰው ስልኩን ይሰጠኛል፣ ዘፈን እጭንለታለሁ፣ ይሄዳል። ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ የሰሞኑን ዘፈን ነው።

ሥራ ስጨርስ ደግሞ ማንም የማይፈልገውን እሰበስባለሁ። የድሮ የሙዚቃ ሸክላ፣ ሲዲ። በተለይ አንድ ሰው ብቻውን አልበም አውጥቶ፣ አልሸጥ ብሎት፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የጠፋ ከሆነ የእኔ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጎበዝ ሆኖ ሰሚ ያጣ ሰው ያሳዝነኛል፣ በቃ።

ከሲዲዎቼ ግማሾቹን ከባጃጅ መስታወት ላይ ፈትቼ ነው ያመጣኋቸው፤ ሾፌሮቹ ለጌጥ ነው የሚያንጠለጥሏቸው። ቆጋ መስኖ ላይ አንድ ገበሬ ወፍ እንዲያባርርለት ስንዴው መሃል የሰቀለውን ሲዲ ለምኜ ወስጄ፣ በምትኩ የኮምፒውተር ትምህርት ሲዲ ሰቅዬለት መጥቻለሁ። ወፎቹ እስካሁን ቅሬታ አላቀረቡም።

"ሥራ ፈት" የምትሉኝን ኮሜንት ላይ አያችኋለሁ። ልክ ናችሁ።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ቡሬ ውስጥ አቶ ሙላው የሚባሉ ሰው አሉ። ነበሩ ልበል። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፉ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በራሳቸው ስም፣ ሙሉ አልበም የምትይዘውን ትልቋን ሸክላ አሳተሙ። ዘፋኝ የለ፣ ግጥም የለ፣ ክላርኔት ብቻ። ከዚያ ክላርኔቱን ሰቅለው የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ሆኑ፣ እኛው ከተማ ፍኖተ ሰላምም ብዙ ዓመት ሠሩ፣ ጡረታ ወጥተው ቡሬ ገቡ።

ሸክላዋን ሰማሁ የሚል ሰው አላገኘሁም። እንደምትኖር የነገረኝ የሸክላ ማጫወቻዬን የሚጠግንልኝ ሰውዬ ነው፤ እሱም ስሟን እንጂ ድምፅዋን አያውቅም።

ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ። "የለኝም" አሉኝ። ደግሜ ደወልኩ። "አንዲት ቀርታለች፣ ግን ምን ታደርግልሻለች?" አሉ። አሁንም ደወልኩ። እኔ ሙጫ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። እያደር እየሳቁ ያዋሩኝ ጀመር። ባለፈው "በይ ቅዳሜ ነይ፣ እሰጥሻለሁ" አሉኝ።

ቅዳሜ ማለት ዛሬ ነው።

ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ሰው እየጠየቅኩ ግቢያቸው ደረስኩ። በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ሰርግ መሰለኝ። ጠጋ ስል ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

አቶ ሙላው ሐሙስ ዕለት አርፈዋል።

እዚያው መንገዱ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ድንኳን በር ደርሶ ፊቱን የሚያዞር ሰው በእኛ አገር ምን ይባላል? አንዲት እናት ደግሞ አይተውኛል። "ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያቆምሻል?" አሉኝ። ገባሁ።

ሐሳቤ አጭር ነበር። ትንሽ ተቀምጬ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ፣ ውልቅ። ስለ ሸክላዋ ትንፍሽ አልልም። ለቅሶ ቤት ገብቼ ዕቃ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም።

እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ንፍሮው መጣ።

የእድር ሴቶች ናቸው ያመጡት። ትኩስ ነው፣ ከእሳት ገና መውረዱ ነው። ዝንብ እንዳያርፍበት ድስቱን በሆነ ነገር ከድነውታል። ጥቁር። ክብ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው። በቀዳዳው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ሸክላዋ ናት።

ለካ መክደኛ አጥሯቸው ቁም ሳጥን ሲፈትሹ አግኝተዋት ነው። ምን ያድርጉ፣ ጠፍጣፋ ናት፣ ትከድናለች። ሙቀቱ ጠርዟን አጣሞታል። መሃሏ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በእንፋሎት እየተላጠ፣ "ሙላው" የሚለው ስም ግማሹ ተንጠልጥሏል።

አለቀስኩ።

እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ እንዳይመስላችሁ። እሪ ነው ያልኩት። ማትሪክ ውጤቴን ያየሁ ቀን እንኳን እንዲህ አላለቀስኩም።

አዲስ ለቀስተኛ ሲያለቅስ ድንኳኑ አብሮ እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። በርዶ የነበረው ለቅሶ ተቀጣጠለ። እኔ ደግሞ ሰው ባለቀሰ ቁጥር ይብስብኛል። ሴቶቹ ንፍሮውን ሲያዞሩ ሸክላዋን መሬት ላይ ጣል አደረጓት። ያኔማ ደረቴን መታሁ።

ከጎኔ ሹክሹክታው ተጀመረ።

"የማን ናት ይቺ?"

"ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣችው አሉ።"

"ሙላው እዚያ ሠርቶ የለም እንዴ?"

"አፍንጫዋን እያት እስቲ።"

"ውይ። ቁርጥ እሱን።"

አፍንጫዬ! ይህን አፍንጫ ይዤ ስኖር አንድ ሰው አስተውሎት አያውቅም።

ሙሾ የሚያወርዱት ሴትዮ ይህን ሰምተው ኖሯል። ብድግ አሉ፣ ድምፃቸውን ሞረዱ፣ ወደ እኔ ዞረው ለቀቁት፦

ክላርኔቱን ሰቅሎ ዝም ያለው ሰውዬ፣
ልጁን ልኮልናል ትጣራ አባብዬ።

በቃ። በሙሾ ተመዘገብኩ። የቀበሌ መታወቂያ እንዲህ አያጸናም።

የሟች ታናሽ ወንድም ጋሽ አያሌው ከወንዶቹ በኩል ተነስተው መጡ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አቶ ሙላውና ባለቤታቸው ልጅ የላቸውም። ልጅ ከሌለ ደግሞ የሟች ድርሻ ወደ ወንድም ያመራል። ልጅ ከተገኘ ግን ወንድም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የገባኝ አሁን፣ ረጋ ብዬ ሳስበው ነው። ያን ሰዓት የገባኝ ግምገማ ላይ መቀመጤ ብቻ ነው።

"ወንድሜን በምን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ።

"በስልክ።"

"በስልክ? እሱ ይደውልልሻል?"

"እኔ ነኝ የምደውልላቸው።"

"ዛሬስ ማን ጠራሽ?"

"እሳቸው። ቅዳሜ ነይ፣ እሰጥሻለሁ ብለውኝ።"

እውነት ነው የተናገርኩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ግን እያንዳንዱ እውነት ከፊተኛው ይበልጥ ይቀብረኛል። ጋሽ አያሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

"ቤቱን?" አሉ ቀስ ብለው።

"ኧረ ሸክላ..." ብዬ ጀመርኩ። ሙሾው ዋጠኝ።

ይህን ጊዜ የሟች ባለቤት እትየ ጥሩነሽ መጡ። ክንዴን ያዙ። ማንንም ሳያናግሩ ወደ ጓዳ አስገብተውኝ በሩን ዘጉት። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

ጥፊ ነው የጠበቅኩት። እናንተስ ብትሆኑ?

"አልቆጣሽም" አሉኝ። "እኔ አልወለድኩለትም። ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ ከአንች ጋር ሲስቅ እሰማው ነበር። ልጅ ሳትኖረው አትቀርም ብዬ ነበር። ምነው ይዟት በመጣ እል ነበር።"

ላስረዳቸው ስል ቀደሙኝ።

"እናትሽ አለች?"

"አለች።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ተመስገን" አሉ። ከልባቸው ነበር። "እንግዲያ ይሄ ቤት ሰው አለው።"

አሁን የምነግራችሁን ስክሪንሾት አታድርጉት። "አዎ" ልል ምንም አልቀረኝም። ሴትዮዋ እንዲያ ሲያዩኝ አንድ "አዎ" ማንን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም እውነቱ ከውሸቱ ይበልጥ ያሳፍራል። ከደጅ የተወለደ ልጅ ወግ አለው፣ ይታዘንለታል። ሸክላ ፍለጋ መጥታ ለቅሶ ቤት እሪ ያለች ሴት ግን ስም እንኳን አልወጣላትም።

ግን እጃቸው ፊቴ ላይ አቶ ሙላውን ይፈልግ ነበር።

"እትየ፣ ልጃቸው አይደለሁም" አልኩ። "አባቴ በሕይወት አለ። እኔ የመጣሁት ለሸክላዋ ነው።"

"ለምኗ?"

"ለሸክላዋ። ንፍሮው ለተከደነባት።"

እጃቸው ከፊቴ ወረደ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ያን ሁሉ ያለቀስሽው ለመክደኛው ነው?"

"አዎ እትየ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳቸው ብዬ ልሞት ስል፣ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ አፈናቸው። ውጭ ያሉት ድምፁን ሰምተው ለቅሶ መስሏቸው እንደ አዲስ ጀመሩ። እሱን ሲሰሙ ይብስ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሲረጋጉ "ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም" አሉኝ። "ሲያገባኝ ትቶት ነበር። ሸክላዋን አምጣና እንስማት ስለው፣ አልቋል ይለኛል። ለአንች ግን ሊሰጥሽ ነበር።"

እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከለከሉትን እኔ በሚስኮል አገኘሁት።

ወጥተው ሸክላዋን ይዘው ተመለሱ። በነጠላቸው ጫፍ የንፍሮውን ውሃ ጠረጉላት።

"ዓመቱ ሳይወጣ እንዳትከፍቻት፣ ለራስሽም ቢሆን። ዓመቱ ሲወጣ ማጫወቻሽን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንሰማታለን።"

"እትየ፣ ጎብጣለች እኮ። ላትሠራ ትችላለች።"

"እኔስ መች ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ?" አሉኝ።

ስንወጣ ጋሽ አያሌው በሩ ላይ ናቸው። ያቀፍኩትን አዩ።

"እትየ፣ ምንድን ነው የሰጧት?"

"ድርሻዋን" አሉ እትየ ጥሩነሽ። አልፈው ሄደው ቦታቸው ተቀመጡ።

የጋሽ አያሌው መልክ ተለወጠ። ነገሩን ላጥራ ብዬ ድንኳኑ መሃል ቆሜ "ልጃቸው አይደለሁም!" አልኩ። ጮክ ብዬ። ሁሉም እንዲሰማ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ምስኪን፣ ፈርታ ነው" አለች አንዷ።

"ያሳደጋትን ላለማስቀየም ነው" አለች ሌላዋ። "ጨዋ ልጅ ናት።"

ሸክላዬን ታቅፌ ውልቅ።

ሚኒባሱ ገና መንገዱን ሳያጋምስ ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው። ወሬው በምን እንደቀደመኝ አላውቅም፤ ኔትወርክ ለደህና ነገር ሲጠፋ ለዚህ መቼ ይጠፋል።

"ቡሬ አባት አገኘሽ አሉኝ" አለኝ።

"አባየ፣ እኔ እኮ..."

"ቤት ነይ።" ዘጋው።

ቤት አልሄድኩም። ሱቁ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። አባቴ ፌስቡክ የለውም። ያላችሁ ጎረቤቶች ግን አንብቡለት እባካችሁ። ለእናቴም። እናቴ ክላርኔት በዓይኗ አይታ አታውቅም! ጋሽ አያሌውን የምታውቁ ደግሞ ይህን ፖስት አሳዩዋቸው፤ ቤት አልወርስም፣ ቤት አልፈልግም፣ እንቅልፋቸውን ይተኙ።

ሸክላዋ ባንኮኒው ላይ ናት። ማጫወቻው አጠገቧ ነው። መብራት አለ፤ ስፈልገው የማይኖረው መብራት ዛሬ አለ። ቡሬ ሩቅ ነው፣ ማንም አያውቅብኝም። እንደምትሠራ ለማየት ያህል መርፌውን አነሳሁ።

መልሼ አስቀመጥኩት።

ይህን እየጻፍኩ አንድ ደንበኛ ገባ። ስልኩን አቀበለኝ። "እስቲ አዲስ የገባውን ክፈችልኝና ልምረጥ" አለኝ።

"ዛሬ ሙዚቃ አልከፍትም" አልኩት፣ ሳላስበው። "ሐዘን ላይ ነኝ።"

ኮፍያውን አወለቀ። "ውይ፣ እግዜር ያጥናሽ። ማን ሞተብሽ?"

አሁንም ቆሞ መልስ እየጠበቀ ነው። እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ ማን ሞተብኝ ልበለው?