የልጁ ድርሻ

[የልብስ ስፌት ቤት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቀለም ቀቢው፣ ቱታው በቀለም እንደተዥጎረጎረ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሙዝ አንስቶ ሊልጥ ነው።]

ልብስ ሰፊው፦ አስቀምጥ!

ቀለም ቀቢው፦ ምኑን?

ልብስ ሰፊው፦ ሙዙን ነዋ! የልጄ ነው።

ቀለም ቀቢው፦ የትኛው ልጅህ?

ልብስ ሰፊው፦ እህትህ ሆድ ውስጥ ያለው።

ቀለም ቀቢው፦ [ሙዙን እያገላበጠ] ታዲያ ጋሼ፣ እዚያ ሆኖ በምን እጁ ይልጠዋል?

ልብስ ሰፊው፦ አይ አንተ! እርጉዝ ሴት የምትበላው ለሁለት ነው። አንዱ የራሷ፣ አንዱ የልጁ። ይኼን የማያውቅ አለ?

ቀለም ቀቢው፦ እህቴ ግን ትናንት ራት ላይ በቃኝ አለ።

ልብስ ሰፊው፦ አለች!

ቀለም ቀቢው፦ ማን?

ልብስ ሰፊው፦ እህትህ!

ቀለም ቀቢው፦ ምን አለች?

ልብስ ሰፊው፦ በቃኝ አለች!

ቀለም ቀቢው፦ እኔስ ምን አልኩ?

ልብስ ሰፊው፦ «አለ» አልክ! እህትህ ሴት ናት። ሴትና ወንድ ሳትለይ እስከዛሬ እንዴት ኖርክ?

ቀለም ቀቢው፦ እኔ የምቀባው ግድግዳ ነው፣ ጋሼ። ግድግዳ አይቀየምም።

ልብስ ሰፊው፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] በቃኝ ያሰኛት ያቺ ነርስ ናት። «ለሁለት መብላት የሚባል ነገር የለም። ጁስ ይቅርብሽ፣ ፍሬውን እንዳለ ብዪ። ባቄላና ጎመን አብዢ። ከምግብ በኋላ ወጣ በዪና ተራመጂ። በእርግዝናሽ ስኳር እንዳይዝሽ» ብላ አስፈራራቻት።

ቀለም ቀቢው፦ ስኳር ሰው ይይዛል?

ልብስ ሰፊው፦ ይይዛል!

ቀለም ቀቢው፦ እኔ በየቀኑ ሻይዬ ውስጥ እጨምረዋለሁ። አንድም ቀን ይዞኝ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው፦ በሽታውን ነው የምልህ! ደም ውስጥ የሚገባውን!

ቀለም ቀቢው፦ እሺ፣ አትቆጣ። ታዲያ እሷ ሙዙን አልበላም ካለች፣ ልጁም መላጥ ካልቻለ፣ ማን ነው የሚበላው?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ።

ቀለም ቀቢው፦ አንተ?

ልብስ ሰፊው፦ አባቱ አይደለሁ? ልጄ ገና ሳይወለድ ድርሻውን ይቀማ? ወክዬው እበላለሁ።

ቀለም ቀቢው፦ ውክልና ሰጠህ?

ልብስ ሰፊው፦ ማን?

ቀለም ቀቢው፦ ልጁ።

ልብስ ሰፊው፦ አባትና ልጅ መሀል ምን ውክልና ያስፈልጋል!

ቀለም ቀቢው፦ እናታችን የላከችውንስ ኬክ?

ልብስ ሰፊው፦ ባልበላው እማማ ይቀየሙኛል።

ቀለም ቀቢው፦ ጎረቤት ያመጣውን ጁስ?

ልብስ ሰፊው፦ የተጨመቀ ነገር እንዴት ይደፋል?

ቀለም ቀቢው፦ ማሩንስ?

ልብስ ሰፊው፦ ማሩን እንኳ ዓይኗ እንዳያየው ብዬ ነው። እሷን ለማዳን።

ቀለም ቀቢው፦ እንዴት ያለህ መልካም ባል ነህ! [ከስፌት መኪናው ላይ ሱሪ አንስቶ ይዘረጋዋል] ይኼ ሱሪ ደግሞ ምን ሆኖ ነው? ወገቡ ላይ ሌላ ጨርቅ ቀጥለህበታል።

ልብስ ሰፊው፦ የደንበኛ ነው። ወፈረና ጠበበው።

ቀለም ቀቢው፦ የየትኛው ደንበኛ?

ልብስ ሰፊው፦ የሙያ ምስጢር ነው።

ቀለም ቀቢው፦ [ኪሱን ዳብሶ] ኪሱ ውስጥ ያንተ መነጽር አለ።

ልብስ ሰፊው፦ [ሱሪውን መንጭቆ] ጨርቁ ታጥቦ ተኮማትሮ ነው! እሱን ተወውና ስለ እህትህ አስብ። በየማለዳው በዚህ ሜትር ሆዷን እለካታለሁ። በየማለዳው ይጨምራል! ስኳር ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?

ቀለም ቀቢው፦ ልጅ።

ልብስ ሰፊው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማኝ ወንድሜ፣ የምቀልድ እንዳይመስልህ። ፈርቻለሁ። ስኳሩ ከያዛት ልጁ ከልክ በላይ ሊወፍር፣ ምጡም ሊከብዳት ይችላል አሉን። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አይዞርም።

ቀለም ቀቢው፦ እንቅልፍ ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ?

ልብስ ሰፊው፦ እበላለሁ።

ቀለም ቀቢው፦ አይዞህ። ትናንት ተመርምራ የለ? ውጤቱን ልትቀበል ሄዳለች፤ አሁን ትደውላለች። አንተም ተመርምረሃል አሉ።

ልብስ ሰፊው፦ እሷ እንዳትፈራ ብዬ ነው እኔም ክንዴን የሰጠሁት። መርፌ መተዳደሪያዬ እኮ ነው!

ቀለም ቀቢው፦ መርፌውን ስታይ ወደቅህ አሉ።

ልብስ ሰፊው፦ ማን ነው ያለው? ጣሪያውን እያየሁ ነበር።

ቀለም ቀቢው፦ ወለሉ ላይ ተጋድመህ?

[ስልክ ይጮኻል። ልብስ ሰፊው ያነሳውና ወዲያው ለቀለም ቀቢው ያቀብለዋል።]

ልብስ ሰፊው፦ አንተ አናግራት! የምትልህን ቃል በቃል እየደገምክ ንገረኝ!

ቀለም ቀቢው፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ] አቤት እትዬ። እህ... እህ... ስኳር ተገኝቶበታል።

ልብስ ሰፊው፦ «ተገኝቶባታል» በል! ዛሬ እንኳ «በት» እና «ባት» አትለይም? [ድንገት ገብቶት ከወንበሩ ይነሳል] ምን አልክ? ተገኝቶባታል? ወይኔ ሚስቴን!

ቀለም ቀቢው፦ «በታል» ነው ያለችው።

ልብስ ሰፊው፦ ሰው እያለቀሰ ሰዋስው ታወራለህ? ስልኩን ወደኔ አዙረው፣ ትስማኝ! [ሜትሩን እንደ ጅራፍ እያወናጨፈ] ከዛሬ ጀምሮ ኬክ እዚህ ቤት ደጃፍ አይደርስም! ጁስ በዓይን አይታይም! ለሁለት መብላት ያበቃለት ወሬ ነው! ሌሊት እየተነሱ ማር መላስ ቀረ!

ቀለም ቀቢው፦ ማር የሚልሰው ማን ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ አታቋርጠኝ! ጎመንና ባቄላ! ከምሳ በኋላ እግር እስኪዝል ባይሆንም እስከ ገበያው መራመድ! አልሄድም ቢባል፣ አንተ ወንድምየው፣ እጅ ይዘህ ጎትተህ ታወጣለህ። ቢለቀስም አትራራ! እሺ በለኝ!

ቀለም ቀቢው፦ እሺ ጋሼ። አልራራም። [ወደ ስልኩ] ሰማሽው? እህ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። [ስልኩን ይዘጋል።]

ልብስ ሰፊው፦ ምን አለች? አለቀሰች?

ቀለም ቀቢው፦ ሳቀች። «በራሱ አፍ ነው የፈረደው፣ ምስክር ሁንልኝ» አለችኝ።

ልብስ ሰፊው፦ የምን ምስክር?

ቀለም ቀቢው፦ የእሷ ውጤት ደህና ነው። ስኳሯም ልክ ነው፣ ልጁም ደህና ነው። ያንተ ነው ከፍ ያለው። ነገ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ትሄድና ደግመው ያዩሃል።

ልብስ ሰፊው፦ ማለት... «በታል» ነበር?

ቀለም ቀቢው፦ «በታል»።

ልብስ ሰፊው፦ [እንባው እየመጣ] ሚስቴ ደህና ናት? ልጄም ደህና ነው? ተመስገን! ተመስገን! [ቀለም ቀቢውን አቅፎ ይዘላል፤ ከዚያ በድንገት ይቆማል] ቆይ፤ እኔስ? ኧረ ደነገጥኩ! ያንን ሙዝ አቀብለኝ!

ቀለም ቀቢው፦ [ልጦ እየጎረሰ] አትራራ ብለሃል።

ልብስ ሰፊው፦ የልጄ ድርሻ እኮ ነው!

ቀለም ቀቢው፦ አጎቱ አይደለሁ? ወክዬው ነው። [ሜትሩን ከልብስ ሰፊው እጅ ወስዶ ሆዱ ላይ ያዞራል፤ ሁለቱ ጫፎች አልገናኝ ይሉታል] ጋሼ፣ ስንተኛ ወርሽ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ «ወርህ» ነው የሚባለው!

ቀለም ቀቢው፦ እሺ። ስንተኛ ወርህ ነው?