ኦቦ ቶሎሳ ያነሱት ፎቶ

እኛ ሰፈር ጅብ አይፈራም። ጅቡ ራሱ ኮንዶሚኒየሙ ሲበዛበት ጥሎን ሄዷል። እኛ ሰፈር የሚፈራው ቀይ ቀለም ነው። አትሳቁ! ለእናንተ ቀይ ቀለም ሲባል የከንፈር ቀለም ወይም የኳስ ቡድን ማሊያ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ከጎሮ ጀርባ ለምንኖር ግን ቀይ ቀለም ማለት ብሩሽ የያዘ አንድ ሰውዬ፣ መዝገብ ያቀፈች አንዲት ሴትዮ፣ ከኋላቸው ደግሞ ምንም ያልያዘ፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈራ ሦስተኛ ሰው ማለት ነው። በጠዋት ይመጣሉ፣ በራችሁ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ቁጥሩ ምን እንደሆነ አይነግሯችሁም። አንዱ ጎረቤት «ካርታ ሊሰጡን ነው» ይላል፤ ሌላው «ሊያፈርሱን ነው» ይላል፤ ሁለቱም ግን ያን ሌሊት አይተኙም።

ዘመኑ ከተማው ሁሉ የሚገነባበት ነበር። ዛሬ ያለፋችሁበት መንገድ ነገ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ከነገ ወዲያ ሕንጻ። የሚያድግ ከተማ ደስ ይላል። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር፤ እድገቱ ወደ እኔ አጥር እስኪጠጋ ድረስ።

አንድ አመል አለብኝ፤ ፎቶ አነሳለሁ። እንጀራዬ ሲኤምሲ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ ልቤ ግን ያለው ካሜራዬ ጋ ነው። ካሜራዋን የሥራ ባልደረባዬ ከዱባይ ያመጣልኝ ቀን ሙሽራ ወደ ቤት ያስገባሁ ያህል ነበር ሽር ጉዴ። ሌንሷ ፊትን ወለል አድርጋ እያሳየች የጀርባውን ነገር ሁሉ ጭጋግ ታደርገዋለች። እሱ ነበር ኩራቴ። የሰፈሩ ልደትና ምርቃት ያለ እኔ አይሞላም። ልጄ ሊዲያ ስትስቅ፣ ሊዲያ ስታለቅስ፣ ሊዲያ አፍንጫዋን ስትነካ፣ ሁሉም አለ። ባለቤቴ አስቴር አንዳንዴ ፎቶዎቹን አይታ «ደሬ፣ ቤታችን የት ሄደ?» ትለኛለች። «ጥበብ ነው፣ አይገባሽም» እላታለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ቦታውን የሰጡን ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የዚያው አካባቢ ገበሬ ናቸው። «ሰጡን» ያልኩት ሕጉ «ሸጡልን» እንድል ስለማይፈቅድልኝ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት አለን። ኦቦ ቶሎሳ ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቁኝ። ቦታው መሀል ወደቆመችው ትልቅ ግራር በዱላቸው እያሳዩ፣ «እሷን እንዳትነካ። አባቴ ከፍየል ጠብቆ ነው ያሳደጋት» አሉኝ። እኔም አልነካሁም። እንዲያውም ቤቱን እጥላዋ ሥር አስጠግቼ ሠራሁት። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ያደረግኩት ለእሳቸው ብዬ ብቻ አይደለም። ለፎቶ እንደ ግራር ጥላ ያለ ብርሃን የለም።

ሊዲያ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ኦቦ ቶሎሳም ተጠርተው መጡ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው መቼም በገዛ ቤተሰቡ ፎቶ ውስጥ አይገኝም፤ ዛሬ እንኳ ልታይ ብዬ ካሜራዋን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። እዚህ ጋ ይጫኑ፣ አልኳቸው። ሰውዬው ካሜራዋን ይዘው ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ሄዱ፣ ሄዱ፣ አጥሩን አልፈው ማሳው ውስጥ ገቡ።

«ኦቦ፣ ይቅረቡ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆይ፣ ገና አልገባም።»

«ምኑ ነው ያልገባው?»

«መሬቱ።»

ፎቶውን ሳየው በሳቅ ሞትኩ። እኛ ሰባት ሰዎች ደጃፍ ላይ እንደተበተነ ባቄላ ሆነናል። ሊዲያ አንዲት ነጭ ነጥብ ናት። ቤቱ ከነጣሪያው፣ ግራሯ ከነሙሉ ግርማዋ፣ ከኋላ እስከ ወንዙ የሚዘልቀው የኦቦ ቶሎሳ ጤፍ፣ ዳር ላይ ሁለት በሬዎች። ለጓደኞቼ እያሳየሁ ስንት ጊዜ አሾፍኩባቸው መሰላችሁ! እሳቸው ግን «ያነሳሁትን አሳጥብልኝ» አሉኝ፤ አንድ አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ዋናውን ካርዱ ሲሞላብኝ አጠፋሁት። ማን የባቄላ ፎቶ ያስቀምጣል?

ከዚያ ማሳው ተወሰደ፣ ኮንዶሚኒየም ተተከለበት፣ ኦቦ ቶሎሳም ቦሌ አራብሳ ልጃቸው ጫልቱ ጋ ገቡ። እኛም ጥቂት ዓመት በሰላም ኖርን። ሊዲያ ትምህርት ቤት በጀመረች ዓመት ነው ቀይ ቀለሙ በራችን ላይ ያረፈው።

ቁጥሩን ይዤ የሄድኩበት የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ትሑት ባለሥልጣን ይበልጥ ያስፈራል፤ የሚቆጣ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይበርድለታል ብዬ እጠብቅ ነበር። ሊዲያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ከአውሮፕላን የተነሳ የሰፈራችንን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጣቱን አሳረፈበት። «ያኔ በዚህ ፎቶ ላይ የታየ ቤት ይመዘገባል። ያልታየ ይፈርሳል። ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የሚታየው ዛፍ ነው።»

«ቤቱ ከዛፉ ሥር ነው» አልኩት።

«አውሮፕላን ከሥር አያይም፣ ጋሼ።» ከልቡ አዘነልኝ። «ቤቱ ያኔ እንደነበረ የሚያሳይ የመብራት ቢል፣ የውኃ ቢል፣ ፎቶም ቢሆን ካለዎት እስከ ሐሙስ ያምጡልኝ።»

መብራታችን ከጎረቤት የተሳበ ነው፣ ውኃችንም እንደዚያው። ግን ፎቶ! ለኔ ነው ፎቶ የሚባለው? እየበረርኩ ቤት ገባሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ አስቴር ከጎኔ ተቀመጠች። ሊዲያ ትስቃለች፤ ከኋላዋ ጭጋግ። ሊዲያ ታለቅሳለች፤ ከኋላዋ ጭጋግ። አስቴር ጥርሷን ስትፍቅ፣ ጎረቤት ሲመረቅ፣ የሊዲያ ክርስትና እናት ጉትቻ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ቤቱ ግን የለም። ሺህ ምናምን ፎቶ አገላበጥኩ፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ የበር መቀርቀሪያ አጣሁ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ጥበቤ፣ የልጄን ቤት ስደመስስ ነው ለካ የኖርኩት! ከኮንዶሚኒየሙ በኩል የዶዘር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሊዲያ «አባዬ፣ የኛ ነው?» ትላለች።

ኦቦ ቶሎሳን ያስታወሰችው አስቴር ናት። «የሳቁባቸውስ ፎቶ?» አለችኝ። በብስጭቷ ጊዜ አንቱ ትለኛለች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቦሌ አራብሳ ሄድኩ። ካሜራዬ ትከሻዬ ላይ ናት። ቀለሙ ከመጣ ወዲህ እሷን ትቼ አልወጣም፤ ስመለስ ቤቱ ፈርሶ ቢጠብቀኝ እንኳ እሷ ትትረፍ ብዬ ነው። ሚስትና ልጅስ? አትጠይቁኝ፤ የፈራ ሰው አያስብም። መንገዱን ሙሉ ጥሎት ቢሆንስ፣ ልጆች ቀደውት ቢሆንስ እያልኩ፣ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ወርጄ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ወጣሁ።

ፎቶው ግድግዳው ላይ ነበር። ከማርያም ሥዕል ቀጥሎ፣ በመስተዋት፣ አንድም አቧራ የለበትም።

ኦቦ ቶሎሳ ነገሬን እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ፎቶውን ራሳቸው አወረዱ፣ ከመስተዋቱ አወጡና በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። «ቤት ያለው ሰው ቤቱን አይጣ። ውሰድ» አሉ። ቀጥለው እጄን ያዙ። «ግን መልስልኝ፣ ልጄ። ሌላ የለኝም። አገሬን የማያት በሷ ነው።»

«በማርያም! እራሴ ነኝ የማመጣልዎት» አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛው ፎቶውን በአጉሊ መነጽር አየው። «ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?»

«ልጄ ናት።» ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣትን የክርስትና ወረቀት ከነቀኑ አስቀመጥኩለት። ወረቀቱን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ ከአየር የተነሳውን አየ፣ ግራሯን በጣቱ ለካ። እኔ ያን ጊዜ ምን ያህል አባታችን ሆይ እንደደገምኩ አላውቅም። በመጨረሻ ፎቶውን ገልብጦ ጀርባውን በማኅተም መታው፣ ዳሩን በመብሻ በሳው፤ አንዱ ቀዳዳ ሰማዩ ላይ፣ አንዱ በሬዎቹ ላይ አረፈ። ፋይል ውስጥ አሰረውና ፈገግ አለ። «ጨርሰዋል፣ ጋሼ። ቤቱ ተመዝግቧል። አንድ ምክር ግን ልስጥዎት፤ ሌላ ጊዜ ከአየር ሲነሳ እንዳይቸገሩ ዛፉን ቢያስቡበት።»

የበሩን ዘበኛ አቅፌ ሳምኩት። ቤት ስደርስ አስቴር እልልታዋን አቀለጠችው፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሊዲያ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጨፈረች። ደስታው በረድ ሲል አስቴር «የኦቦ ቶሎሳን ፎቶ መቼ ነው የምትመልስላቸው?» አለችኝ።

እጄ ሳላስበው ወደ ትከሻዬ ሄደ። ካሜራዬ እዚያው ናት። ፎቶው ጭኔ ላይ ሆኖ ከቦሌ አራብሳ እስከ ጎሮ መጥቻለሁ፤ ቤት አድሯል፤ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ጠብቄያለሁ። የልጄን አፍንጫ መቶ ጊዜ ያነሳሁ ሰው ያቺን ፎቶ አንዴ ቀጭ ማድረግ አልታየኝም። ፍርሃቱ ዓይኔን ጋርዶት ነበር።

በማግስቱ ተመለስኩ። ሠራተኛው አሁንም ትሑት ነው። «ማውጣት ይቻላል፣ ጋሼ። ማስረጃው ከወጣ ግን ጉዳዩ እንደገና ይታያል።» እንደገና ይታያል! «ይቅር፣ ይቅር፣ ግዴለም» ብዬ ወጣሁ። አዎ፣ በማርያም ምዬ ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለኔ ሳይሆን ለራሳችሁ መልሱ።

ምክሩም ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ወደ ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን በእኛ ጣሪያ ላይ ነው የሚያልፈው። ባለፈ ቁጥር አንጋጥጣለሁ፤ ቅርንጫፍ እንጂ ሰማይ አይታየኝም፤ እነሱም ከላይ ቅርንጫፍ እንጂ ጣሪያ አይታያቸውም እላለሁ። አንድ ሳምንት እንደዚያ አንጋጥጬ ከረምኩ። ቅዳሜ መጋዝ ያላቸው ሁለት ሰዎች ጠራሁ። ግራሯን ለመጣል እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባቸው። አስቴር ሁለት ቀን ሙሉ አንቱ ስትለኝ ከረመች።

አሁን ቤታችን ከሰማይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀዩን ቁጥርም አስቴር በቤንዚን አጠበችው፤ ሲለቅ ቆሜ አየሁት፣ ምንም አልመሰለኝም። አሁን የምፈራው በዱላ የሚሄዱ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ አንድ ሽማግሌ ነው። ስልኬ ሲጮኽ ቁጥሩን ሳላይ አላነሳም።

ትናንት ጮኸ። ጫልቱ ናት።

«ጋሽ ደረጄ፣ አባባ እሁድ ልምጣ እያለ ነው። ፎቶውን እራሴ እወስዳለሁ፣ ግራሯንም ካየኋት ቆየሁ ይላል።»

«ሰፈሩ ተለውጧል፣ ቤቱ እንዳይጠፋቸው ጎሮ ድረስ ወጥቼ ልቀበላቸው?» አልኳት።

ሳቀች። «ኧረ አይድከሙ! ግራሯን ከሩቅ እያየ ይመጣል እንጂ፣ እንዴት ይጠፋዋል?»

እሺ አልኳት።