ሁለት ድንጋይ ያፋታሁ ዕለት

ቆዩማ፣ ሳቄን ልጨርስ። ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያ እንደኔ ግራ ብትጋቡ አይከፋኝም።

አብሮ መኖር የሚሉት ነገር ይገርመኛል። ሁለት ሰው አንድ ጣራ ሥር ይገባል፤ ውሎ አድሮ አንዷ ከስታ ከስታ አጥንቷ ይቀራል፣ ሌላው እንደ ፎገራ ሰንጋ ያብረቀርቃል። እኛ የወረታ ከተማ ሰዎች ታዲያ ብዙ አንመራመርም። የከሳችውን ዘመድ ቤት እናሳርፋታለን፤ ፊቷ ሲመለስ ሽማግሌ ይቀመጣል። እኔ ራሴ ስንቷን አሳርፌያለሁ!

ድንጋይም እንደዚያ መስሎኝ ነው።

የእህቴ ልጅ ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ ትማራለች። ወርቅ የሚመስል ቢጫና አንድ ግራጫ ድንጋይ አነካክታ፣ ኮምጣጣ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ነክራ እኔ ቤት አስቀመጠች። እናቷን ልትጠይቅ ቁሐር ሚካኤል ስትወርድ፣ «እቴቴ፣ አደራ፣ እንዳትነኪብኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ነው፤ ከተበላሸ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም» አለችኝ።

ጎርፍ መንገዱን ዘጋባትና ቆየች። እኔ በየጠዋቱ አያለሁ። ቢጫው እንደ ሙሽራ ፊቱ አልተነካ። ግራጫው ግን ጠርዙ ተበልቶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። አንጀቴን በላው። ከዚያው ውሃ ቀንሼ በሌላ ብርጭቆ ለብቻው አሳረፍኩት። በእጄ አልነካሁም፤ በማንኪያ ነው።

ትርንጎ መጥታ ስታይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ኋላ አስረዳችኝ፦ ግራጫው የሚያልቀው ቢጫውን ስለነካ ነው አለች። ቢጫው ክፉ አይሠራም፤ አጠገቡ መቀመጡ ይበቃል። በመካከላቸው እንደ መብራት ያለ ነገር ያልፋል፤ ግራጫው ይሰጣል፣ ቢጫው ይቀበላል፣ ግራጫው በሟሟ ቁጥር ቢጫው ይተርፋል። ከእኛ ቤት የጠፋ መብራት ከድንጋይ? ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ብጠይቃት ጥፋተኛ የለም አለችኝ። ይኸው እስካሁን አልገባኝም።

ደግነቱ መምህሯን በስልክ ለምና ጊዜ ጨመረላት። የድንጋዮቹን ፊት ሞርዳ፣ እንደገና አነካክታ ከሀ ልትጀምር ሆነ።

ዋናው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ አያልነህ፣ እኔ ያጠብኩትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እኔ ያቀረብኩለትን በልቶ ጥግ ላይ ሲሰማ ቆይቷል። ተነሥቶ የቢጫውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አዞረ። የድንጋዩ ፊት ደብዘዝ ብሏል። ትርንጎ፣ ግራጫው ሲለየው እሱም በተራው መበላት ጀምሯል አለችው።

አያልነህ ወደኔ ዞረ፤ ከልቡ አዝኗል።

«ግራጫዋንስ ዘመድ ቤት አሳረፍሻት፤ ይሄን ምስኪን ማን ያስበው?»