ድርሰቴ ከጭራው ሲታይ

«አይሆንም» ማለትን ሙያ አድርጎ የሚኖር ሰው ይገርመኛል። እኔ አንድ ተማሪ ከክፍል ካስወጣሁ ሦስት ቀን የምብሰለሰል መምህር ነኝ። በየወሩ ተከፍሎ የሚታይ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎች ግን የስንቱን ልፋት ሻይ እየጠጡ ይጥሉታል። የሚጣለውን ከሚያዘው እንዴት ለዩት? ይህን ዓይን ማን ሰጣቸው?

እኔም ሦስት ዓመት የለፋሁበት ተከታታይ ድራማ ነበረኝ። ታሪኩ የመስኖ ውሃ ስለሚያከፋፍል ሰው ነው፤ የቀዳሁትም ከጎረቤቴ ከጋሼ ሰይድ ነው። ጋሼ ሰይድ የውሃ አባት ናቸው፤ በሽንኩርት ወቅት ዛሬ የማን ማሳ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የጣቢያው ሰዎች ሦስት ሆነው ወደ ደሴ ሲያልፉ ሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል ቀጠሩኝና ባለታሪኩንም ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ብርድ ብርድ አለኝ። ባለቤቴ ወባ መስሏት ልታስመረምረኝ ነበር።

ስንደርስ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። አለቃቸው የድርሰቴን የመጀመሪያ ገጽ አነበበና በቀሪው ራሱን ያራግብ ጀመር። ድርሰቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ ማለት ነው። ከዚያ ተመልካቹ ከአንደኛው ክፍል በኋላ ለምን እንደሚቆይ፣ በሚቀጥለው ወርስ ለምን እንደሚከፍል ጠየቀኝ። አቤት ሲጠይቅ! እኔ በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ራሴን እንዲህ ጠይቄው አላውቅም። አጠገቡ ያለችው ሴት ደግሞ ሰው ውሃ ሲጠብቅ ማን ቁጭ ብሎ ያያል አለች። ሦስቱ ተያዩ፤ በቃ፣ አለቀልኝ። እኔ አልተናደድኩም።

የተናደዱት ጋሼ ሰይድ ናቸው።

«ወላሂ፣ ጭራውን ሳታዩ ነው እንዴ የምትፈርዱት?» አሏቸው።

ከዚያ አሠራራቸውን አስረዱ። ከቦዩ ራስ አጠገብ ያለ ማሳ ሁልጊዜ አረንጓዴ ስለሆነ ያታልላል። ስለዚህ እሳቸው በእግራቸው እስከ ቦዩ ጭራ፣ እስከ መጨረሻው ማሳ ወርደው፣ አፈሩን ጨብጠው ሳያዩ ጠብታ ውሃ አይለቁም። ሦስቱ አፋቸውን ከፍተው ሰሟቸው፤ አለቃቸው ማራገቡንም ረሳ። ፈራጅ ፈራጅን እንዲህ ሲያደንቅ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሰውየው አፍሮ ይሁን ተገርሞ እንጃ፣ የመጨረሻውን ክፍል አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችንም ያነብ ጀመር። እኔ በልቤ ተሳልኩ።

ሲጨርስ ጋሼ ሰይድን ከልቡ አመሰገናቸው። ወደ እኔ ዞሮም፣ ቅድም ሲጥሉት ትንሽ ቅር ብሏቸው እንደነበረ፣ አሁን ግን ጭራውን ስላዩት ያለ አንዳች ጥርጥር እንደጣሉት ነገረኝ።

በባጃጅ ስንመለስ ጋሼ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ስለኔ የተበሳጩ መስሎኝ፣ ግድ የለም፣ ሌላ ጣቢያ እንሞክራለን ብዬ አጽናናኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ ዓይኔን ላለማየት ወደ ሽንኩርቱ ማሳ እያዩ፣ «አላህ ያግዝህ፤ እኔም ብሆን ውሃውን ለሚቀጥለው ማሳ ነበር የምለቀው።»